እቴጌ ጣይቱ በአንቶኔሊ ፊት

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር፣ ፈረስ በዓድዋ የዋለው ውለታ ይወሳል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበር ይህን ትዝታ ጠብቆ ማቆየቱ ያስመሰግነዋል። እኔ ግን ፈረሱ ከመጫኑ በፊት የነበረው ክርክርም አብሮ ቢወሳ እወዳለሁ። ዓድዋ የዘመቱት ሰዎች አስቀድመው ለዓመታት ተደራድረዋል፤ ከተደራዳሪዎቹም አንዷ ሴት ነበሩ።

የውጫሌ ውል በኢትዮጵያና በኢጣልያ መካከል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈረመ። በአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ ይችላሉ፤ በኢጣልያንኛው ግን ይገደዳሉ። ነገሩ ሲገለጥ ውሉን ያዋዋለው ኮንት አንቶኔሊ በ1883 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ፣ መንግሥቱ አንቀጹን ለኃያላኑ አስታውቋልና ቢያነሣው ክብሩ እንደሚነካ ተናገረ። እቴጌ ጣይቱ እኛም የምንጠብቀው ክብር አለን ብለው መለሱለት። ሴት ናቸውና ጦርነት እንደማይወዱ፣ ይህን ከመቀበል ግን ጦርነትን እንደሚመርጡም አስረግጠው ነገሩት።

ይህ ንግግር ብዙ ጊዜ እንደ ፉከራ ይጠቀሳል፤ አለቦታው ነው። እቴጌይቱ የሚሹትን ሰላም አስቀድመው ተናገሩ፤ የማይለቁትን ለዩ፤ እምቢታው የሚያስከትለውንም ሳይሸሽጉ አስታወቁ። በሳል ተደራዳሪ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንቶኔሊ አንቀጹን ሳያስጸድቅ በዚያው ዓመት ተመለሰ። ጦርነቱ ከመጣ በኋላ በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይም የኢጣልያኑን ምሽግ ውኃ የማስያዙ ምክር የእርሳቸው ነበር፤ የተጠማው ጦር ምሽጉን በስምምነት ለቆ ወጣ። የውጫሌ ውል ከዓድዋ ድል በኋላ በአዲስ አበባው የሰላም ውል የተሻረው በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ሴቶች በሰላም ድርድር እንዲሳተፉ የሚጠይቀውን ውሳኔ 1325 ካጸደቀም በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 22 ዓመት ሞልቶት ነበር። በዚያው ወር የፌዴራል መንግሥትና ሕወሓት ፕሪቶሪያ ላይ ሲደራደሩ ከአደራዳሪዎቹ መካከል የደቡብ አፍሪካዋ ፉምዚሌ ምላምቦ ንግኩካ ተቀምጠው ነበር። በሁለቱ ወገኖች ስም የፈረሙት ግን ወንዶች ናቸው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እንጅባራ የምትገኝበት የአማራ ክልል ራሱ ግጭት ውስጥ ገብቷል። መንገድ ሲዘጋ እህሏ የሚቋረጥባት፣ ልጇ ከትምህርት ቤት የሚቀርባት የዳንግላ ገበያ ሴት አለች። ለክልሉ ድርድር ወንበር ሲዘረጋ የእርሷም ወገን ከመጀመሪያው ቀን ይቀመጥ፤ ውሉ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ለጭብጨባ አይጠራ።