የግዕዝ ሶፍትዌሮችና የዩኒኮድ ስታንዳርድ

33ቱ የአማርኛ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ሳይቆጠሩ። የቀድሞው የኮምፒዩተር ፎንት ግን ከ256 በላይ ቦታ አልነበረውም። የአገራችን ባለሙያዎች መላ አላጡም። ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝና ሌሎችም ለፊደላቱ በየፊናቸው ኮድ ሰጡ። አንዱ በሁለት ፎንት ከፈላቸው፣ ሌላው ፊደሉን ከቁራጮች ገጣጠመ። ፈጠራውን አደንቃለሁ።

ጣጣው ፋይሉ መንገድ ሲጀምር ነው። ወገዳ ላይ የተጻፈ የስማዳ ወረዳ ሪፖርት ፎንቱ በሌለበት የደብረ ታቦር ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ከነፋስ መውጫ (ላይ ጋይንት) ወይም ከእስቴ ቢላክም ያው ነው።

በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን መደበ፤ ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ «ሀ» የትም ቢሄድ «ሀ» ነው። በእኔ እምነት ስታንዳርዱ እዚህ ላይ ይቁም። አተያየቡ፣ የቁልፍ አቀማመጡና የፎንቱ ውበት ለውድድር ይተው።

የቀረው የቆየው ፋይል ነው። ፎንት መቀየር ብቻውን ኮዱን አይለውጥም፤ ለየሶፍትዌሩ የተዘጋጀ መለወጫ ያስፈልጋል። ስለዚህ አሮጌው ኮምፒዩተር ከመወገዱ በፊት፣ ፎንቱ ሳይጠፋ ፋይሉን ይለውጡ፤ ከዋናው የታተመ ቅጂ ጋርም ያመሳክሩ። በተለይ ቁጥሮቹንና ሥርዓተ ነጥቦቹን።