የትርፍ ጎማና የዛገ ዳዶው ታሪክ

አውቶሞቢል በተፈጠረበት ዘመን ትርፍ ጎማ የሚባል ነገር አልነበረም። መንኰራኵሩ እንደ ጥንቱ ሰረገላ ከእንጨት ተጠርቦ፣ በብረት ቀለበት ታስሮ፣ በመንገድ ላይ በቀላሉ እንዳይወልቅ ሆኖ ይገጠም ስለ ነበር፣ ጎማው ከፈረስ ኮቴ በወደቀ ምስማር ተወግቶ በተነፈሰ ጊዜ ባለቤቱ ኮቱን አውልቆ፣ በአቧራው ላይ ተንበርክኮ፣ ጎማውን በብረት እየፈለቀቀ አውጥቶ፣ የተቀደደውን ካላማዳሪ ለጥፎ፣ መልሶም በእጅ ፓምፕ እስኪነፋው ድረስ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይመለከተው ነበር። ዛሬ በትርፍ ጎማው ማቀፊያ ላይ ዝጎ አልፈታ ያለውን ዳዶ የሚረግም ሹፌር፣ ያ ዳዶ ከእንዲህ ያለው ጭንቅ ያወጣው ባለውለታው መሆኑን ቢያውቅ ምናልባት እርግማኑን ባለዘበ ነበር፤ ዳዶው ግን ስለዚህ ብሎ አይፈታለትም።

ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንቁጠርና፣ በ1895 ከፓሪስ ወደ ቦርዶ ደርሶ መልስ በተደረገው እሽቅድምድም አንድሬና ኤድዋር ሚሽላን የተባሉት ወንድማማቾች በነፋስ የሚነፋውን ጎማ ለዓለም ሊያስመሰክሩ በገዛ እጃቸው መኪና ይዘው ገቡ። ጎማው በየመንገዱ እየተነፈሰ ስላደከማቸው ከተወሰነው 100 ሰዓት አልፈው ደረሱ፤ ይዘውት የሄዱትንም 22 ትርፍ ካላማዳሪ ጨረሱት ይባላል። ይሁን እንጂ በነፋስ ላይ መሄድ በጠጣር ጎማ ላይ ከመንገጫገጭ እጅግ እንደሚሻል ያየ ሁሉ ስላመነ፣ ከዚያ በኋላ የጠቢባኑ አሳብ ጎማው እንዳይነፈስ ከማድረግ ይልቅ የተነፈሰውን ፈጥኖ ወደ መለወጥ አዘነበለ። የዳዶ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በመጀመሪያ የደረሱት በዌልስ አገር በላኔሊ ከተማ የሚኖሩ ዴቪስ የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው። በ1904 ያወጡት ብልሃት፣ ጨረር የሌለው ባዶ የብረት ክብ ጎማ ለብሶና ተነፍቶ በመኪናው ጎን እንዲንጠለጠል፣ በተነፈሰውም መንኰራኵር ላይ በመቆንጠጫ እንዲታሰር የሚያደርግ ነበር። ሱቃቸው በነበረበት መንገድ ስም ስቴፕኒ ተብሎ ተሸጠ፤ በህንድ አገር ያሉ ሹፌሮች ትርፍ ጎማን እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠሩታል። ሁለተኛው ብልሃት ግን የበለጠ ክብር አገኘ። በሰኔ ወር 1906 በለ ማን አጠገብ በተደረገው የመጀመሪያው የፈረንሳይ ግራን ፕሪ ላይ ጎማ የሚለውጡት ሹፌሩና አብሮት የተቀመጠው መካኒክ ብቻ እንዲሆኑ ሕጉ ያዝዝ ነበርና፣ ብዙዎቹ ጎማውን በቢላ እየቀደዱ በፀሐይ ሲንገላቱ፣ የሬኖው ነጂ ፈረንጽ ሲስ ግን 8 ዳዶ ፈትቶ ቸርኬውን ከነጎማው አውልቆ፣ አስቀድሞ የተነፋውን በቦታው ገጥሞ፣ እነዚያኑ 8 ዳዶዎች መልሶ አጥብቆ ይሄድ ነበር። ሌላው 15 ደቂቃ ያህል የሚፈጅበትን ሥራ እርሱ ከ4 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይፈጽመዋል፤ ውድድሩንም አሸነፈ። የሬኖን ሞተር የሚያመሰግኑ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ድሉን ለዳዶዎቹ እሰጣለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው መንኰራኵሩን ከነሙሉ አካሉ ማውለቅ ነው። በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ የነበረው የሩጅ ዊትዎርዝ ፋብሪካ በመካከሉ በአንድ ትልቅ ዳዶ ብቻ የሚታሰር ባለ ሽቦ መንኰራኵር ሠራ፤ ፍጥነቱ ተፎካካሪዎችን ስላስቀና በ1908ቱ ግራን ፕሪ ላይ እንዳይገባ ተከለከለ። ይህ ዳዶ መኪናው ሲሄድ ራሱ እየጠበቀ እንዲሄድ ተብሎ ጥርሱ በአንዱ ጎን ወደ ቀኝ፣ በሌላው ጎን ወደ ግራ ይቀረጽ ነበር። ይኸው ልማድ ከውድድር መኪና ወደ ሌላው ተሸጋግሮ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራው ዊሊስ ጂፕ በግራ ጎኑ ያሉት ዳዶዎች በግራ ጥርስ የተሠሩ ነበሩ፤ የአሜሪካው ክራይስለርም እስከ 1970 ገደማ ድረስ ይህን ሥርዓት አልተወም። ነገሩን የማያውቅ ሰው ሊፈታ ሲል እያጠበቀ፣ ዳዶው ዝጓል ብሎ ጉልበቱን እየጨመረ፣ በመጨረሻ ብሎኑን ከሥሩ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ዳዶ ሁሉ እምቢ ያለው ስለ ዛገ አይደለም፤ አንዳንዱ እምቢ የሚለው የሚፈታው ሰው ወዴት እንደሚፈታ ስላላወቀ ነው።

ትርፍ ጎማ እንግዲህ ከተገኘ በኋላ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ መጣ። አንዱ በመርገጫው ላይ፣ ሌላው በጭቃ መከላከያው ጎን አስቀመጠው፤ ጂፕ በጀርባው ተሸከመው፤ በ1948 የወጣው ላንድ ሮቨር በሞተሩ ክዳን ላይ ጫነው፤ ቮልስዋገን ከፊት ክዳኑ ሥር ሸሽጎ፣ ኋላም የትርፍ ጎማውን ነፋስ መስታወት ለሚያጥበው ውሃ መግፊያ አደረገው (ጎማው በሚፈለግበት ቀን ነፋሱ እንዳያልቅ መግቻ ነበረው)። ፒክ አፕና የጭነት መኪና ከሻንሲው ሥር በሰንሰለት አንጠለጠሉት። ከእነዚህ ስፍራዎች ብዙዎቹ ለዝናብ፣ ለጭቃና ለአቧራ የተጋለጡ ናቸው። የሚሄዱት አራቱ መንኰራኵሮች በየጊዜው ስለሚፈቱ ዳዶዎቻቸው የመዛግ ፋታ አያገኙም፤ ትርፉ ግን እንደ ባሕታዊ ዓመታትን በአንድ ስፍራ ቆሞ ያሳልፋል። ውሃው በጥርሶቹ መካከል ገብቶ ብረቱን ሲበላው የሚፈጠረው ዝገት ከተበላው ብረት ከ2 እጥፍ የበለጠ ስፍራ ስለሚይዝ፣ በጠባቧ ክፍተት ውስጥ እየገፋ ዳዶውንና ብሎኑን አንድ አካል ያደርጋቸዋል። የባሕር ነፋስ ጨው ሲታከልበት ደግሞ ነገሩ ይፈጥናል፤ ቀድሞ ከአሰብ፣ ዛሬም ከጅቡቲ ጭነው የሚወጡ መኪናዎች ይህን በሚገባ ያውቁታል።

በአገራችን ለዚህ መከራ ሌላ መከራ ተጨምሮበታል። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ጠላት የተወው የፊያትና የላንቻ ካሚዮን በየመንገዱ ቆሞ ነበር፤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የእንግሊዝ መኪና ገባ፤ ቀጥሎ ጂፑ፣ ከዚያም ላንድ ሮቨሩ መጣ። የጣሊያኑ ዳዶ በሚሊሜትር የተለካ ነው። የአሜሪካው በኢንች ተለክቶ፣ የጥርሱ ማዕዘን ዊልያም ሴለርስ (ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንመለስና) በ1864 እንዳቀረበው 60 ዲግሪ ነው። የእንግሊዙም በኢንች ቢሆን ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 በወሰነው በ55 ዲግሪ የተቀረጸ ሲሆን፣ የቁልፉ ስፋት ደግሞ ከአሜሪካው ጋር አይስማማም። የሦስት መንግሥታት ብረት በአንድ ጋራዥ ውስጥ ሲገናኝ፣ ሁሉም ቁልፍ ለሁሉም ዳዶ የሚሆን ይመስላል፤ ሆኖም የላላ ቁልፍ የተጨነቀውን ዳዶ ጠርዝ አሟልጮ ክብ ስለሚያደርገው፣ ዝገት ያልጨረሰውን ቁልፉ ይጨርሰዋል። ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳልነበረ የሚያስረዳው፣ በጦርነቱ ጊዜ እርስ በርሳቸው መለዋወጫ መዋዋስ ያቃታቸው አሜሪካ፣ እንግሊዝና ካናዳ በኅዳር 1948 አንድ የጥርስ ሥርዓት ለማቆም መፈራረማቸው ነው። ስምምነቱ ግን አስቀድሞ የተሠራውን ብረት አልለወጠውም፤ የሩቅ መንገድ ሹፌርና ረዳቱ የሦስቱንም ዓይነት ቁልፍ በአንድ ሣጥን ይዘው መዞር ነበረባቸው።

የዛገውን ዳዶ የመፍታት ጥበብ ከትውልድ ወደ ትውልድ በቃል የሚተላለፍ ሲሆን፣ ከመጽሐፍ ይልቅ ከረዳት ይገኛል። ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት፣ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ አጠጥቶ ማሳደር፣ ዳዶውን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ዝገቱን ማንቃት፣ ቀጥሎም ከመፍታት አስቀድሞ በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው አንቀሳቅሶ መመለስ ዋናዎቹ ናቸው። በመፍቻው እጀታ ላይ ቱቦ አስገብቶ ማርዘም ጉልበትን ያበዛል፤ ነገር ግን የተሟለጨ ቁልፍና ረጅም ቱቦ ሲገናኙ የስንቱ ጣት እንደ ተሰበረ ጋራዡ ይናገር። በእሳት ማሞቅ ብረቱን አስፍቶ ይፈታል፤ ሆኖም ጎማው በላዩ እያለ የሚያሞቅ ሰው ሞትን ይጠራል፤ በውስጡ ያለው ነፋስ ሲግል፣ ጎማውም ውስጥ ውስጡን ተቃጥሎ ጋዝ ሲያወጣ እንደ ቦምብ ሊፈነዳ ይችላልና። በ1953 በአሜሪካ በሳን ዲዬጎ አትላስ የተባለውን ሮኬት ከዝገት ለመጠበቅ በ40ኛው ሙከራ የተገኘው ደብልዩ ዲ 40 የሚባለው ቅባት በኋላ በየመኪናው ሣጥን ገብቷል፤ ውሃን ለማስወገድ የተቀመመ እንጂ የከረመ ዝገትን ለማላቀቅ የታሰበ ስላልነበር፣ በእርሱ ብቻ ተማምኖ መንገድ መጀመር ግን አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሌባው አለ። በውጭ የተንጠለጠለ ጎማ በከተማ ስለሚሰረቅ ባለቤቱ ልዩ ቁልፍ የሚያሻው ዳዶ ይገጥምበታል፤ ያ ቁልፍ ይጠፋል፤ ዳዶውም ከሌባው ይልቅ ባለቤቱን ይከለክላል። የዛሬዎቹ ፋብሪካዎች በአያሌ መኪናዎች ላይ ትርፉን ጎማ ፈጽሞ ትተው የማጣበቂያ ጠርሙስና ትንሽ መንፊያ ይሰጣሉ፤ ለለንደን ወይም ለፓሪስ አስፋልት ይበቃ ይሆናል፤ ድንጋይ የጎማውን ጎን ሲቀድደው ግን ጠርሙሱ ምንም አይረባም፤ በእኛ ጥርጊያ መንገድ ደግሞ የሚቀደደው ብዙ ጊዜ ጎኑ ነው። ስለዚህ ትርፍ ጎማ ያለህ አንባቢ ሆይ፣ ክረምት ሲገባና ሲወጣ የማቀፊያውን ዳዶ ፈትተህ፣ ጥርሱን ጠርገህ፣ ጥቂት ግሪስ ቀብተህ በእጅህ እያዞርህ መልሰህ ግጠመው፤ ግሪሱን ግን በሚሄዱት መንኰራኵሮች ብሎን ላይ አታድርግ፤ ከልክ በላይ እንዲጠብቁ ስለሚያደርግ ብዙዎቹ ሠሪዎች ይከለክሉታል።