ስለ ሐሰተኛ ዕቃና ስለ መተማመን

ሐሰተኛ ዕቃ ማለት የእውነተኛውን መልክና ስም ለብሶ ለገበያ የሚወጣ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚገዛ ሰው ከገንዘቡ በቀር ሌላ የሚጎዳ ነገር ያለ አይመስለውም። ነገር ግን ሰውና ሰው የሚገበያዩበት መተማመን አብሮ ይጎዳል። ይህንም ከአገራችን ታሪክ መረዳት ይቻላል።

አባቶቻችን ለብዙ ዘመን የተገበያዩት ማሪያ ቴሬዛ በሚባለው ጠገራ ብር ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ብትሞትም፣ መልኳና ያው ዓመት የተቀረጸበት ብር ከዚያ በኋላም መሠራቱ አልቀረም። ገበሬውም ነጋዴውም ይህን ብር ሲቀበል ዝም ብሎ በኮሮጆው አይከተውም ነበር፤ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ነጥቦች ይመለከታል፤ ነጥቡ የጠፋበትንም አልቀበልም ይላል። ዳግማዊ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበትን ብር በፓሪስ አሠርተው ባስመጡ ጊዜ እንኳ፣ አዲሱ ብር በክብደትም በጥራትም ከጠገራው የማያንስ ሲሆን፣ ሕዝቡ ለብዙ ጊዜ የለመደውን መረጠ። መተማመን ቀስ በቀስ የሚገነባ እንጂ በአዋጅ የሚመጣ አይደለም።

ሲፈርስ ግን ጥቂት ጊዜ ይበቃዋል። በ2000 ዓ.ም. ከብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከ ወርቅ በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ በመገኘቱ ተመለሰ። በባንኩ ግምጃ ቤት ያለውም ሲመረመር ሌላ ሐሰተኛ ወርቅ ተገኘ። በዚህ ምክንያት ነጋዴ ብቻ ሳይሆን፣ የባንኩ ሹሞችና ወርቁን የመመርመር አደራ የነበራቸው ባለሙያዎች ጭምር ተያዙ። የባከነው ገንዘብ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሐሰተኛ ከገባ በኋላ እውነተኛው ሁሉ መጠርጠሩ ከዚያ ይከፋል።

ባንኩ የገዛው ወርቅ መስሎት ነው። ሐሰተኛ መሆኑን እያወቀ ስለ ረከሰ ብቻ የሚገዛ ሰው ግን ምን ይባላል? እርሱ የአታላዩ ሸሪክ ነው። የከፈለው ገንዘብ ለሚቀጥለው ሐሰተኛ ዕቃ መሥሪያ ይሆናል። ዛሬ ጫማ ያስመሰለ እጅ ትርፉን ካገኘ፣ ነገ መድኃኒት ከማስመሰል የሚያግደው ምንድን ነው? የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 እንደ ገመተው፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ10 መድኃኒቶች አንዱ ጥራት የጎደለው ወይም ሐሰተኛ ነው። ጫማው ቢቀደድ ሰው በባዶ እግሩ ይሄዳል፤ መድኃኒቱ ሐሰት ሲሆን ግን በሽተኛው ይሞታል፤ ሐኪሙም ያለ ጥፋቱ ይታማል።

ስለዚህ፣ ወጣቶች ሆይ፣ ስትገዙ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ፤ ዕቃው ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ሠራውም ጠይቁ። እውነተኛውን ለመግዛት አቅም ባይኖራችሁ፣ በስሙ የማይዋሽ ተራ ዕቃ ግዙ። በሐቅ የተሠራ የሸማኔ ጋቢ የታላቅ ፋብሪካ ስም ከተሰረቀበት ካፖርት ይበልጣል፤ የለበሰው ሰው አያፍርበትምና።