የአራተኛ ክፍሉ ወሬ፦ በ1966 ዓ.ም. የወደቀው የትምህርት ጥናት



በ1966 ዓ.ም. ተማሪ ወይም መምህር የነበረ ዘመድ ካላችሁ «ሴክተር ሪቪው» የሚለውን ቃል አንሡበትና ፊቱን ተመልከቱ። ቃሉ የእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ከተሜው ሁሉ አፍ ላይ ነበር። ምን እንደነበረ ስትጠይቁት «የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ሲደርስ ይቁም፤ ከዚያ በላይ የጌቶች ልጅ ይማር የሚል ነበር» ይላችኋል። ከሃምሳ ዓመት በኋላም ወሬው እንደዚያው ነው። ጥናቱን ያነበበ ግን ጥቂት ነው። ያን ጊዜም ያነበበው ጥቂት ነበር፤ የነገሩ ሁሉ ሥርም ይኸው ነው።

ታሪኩን ከመነሻው እንያዘው። ግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ጉባኤ በአዲስ አበባ ተቀምጦ ነበር። ጉባኤው በ20 ዓመት ገደማ ውስጥ የአህጉሩ ሕፃናት ሁሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኙ ሲያቅድ፣ አስተናጋጇ አገራችን ልጆችን ትምህርት ቤት በማስገባት ረገድ ከመጨረሻዎቹ ተርታ መሆኗ በእንግዶች ፊት ተገለጠ። ነጻነቷን ጠብቃ የኖረች አገር በቅኝ ግዛት ሥር ከነበሩት ኋላ መቅረቷ ያሳፍር ነበር። ዐሥር ዓመት ካለፈ በኋላም ነገሩ እምብዛም አልተለወጠም። ከመቶ ሰው ከ90 የሚበልጠው ማንበብና መጻፍ አይችልም። ትምህርት ቤት በብዛት ያለው በከተማና በመኪና መንገድ ዳር ነው።

በስምጥ ሸለቆ መስመር የምትኖሩ አንባቢያን ይህን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። ከሞጆ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ዝዋይ (የዛሬዋ ባቱ) እያላችሁ የምታልፏቸው ከተሞች ሁሉ መንገዱን ተከትለው የተሰለፉ ናቸው። ትምህርት ቤቱም እንደዚሁ መንገዱን ይከተል ነበር። ከመንገዱ ወደ ውስጥ ርቆ የሚኖረው የገበሬ ልጅ ዕውቀት የሚቀስመው ከቁርኣን ቤት ነበር፤ ሸኹ እግር ሥር ተቀምጦ፣ በእንጨት ሉሕ ላይ። አሊፍ ባ ታ ብሎ ጀምሮ፣ ቁርኣን አኽትሞ፣ ፊቅህ የቀጠለ ልጅ እንኳ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያስቆጥረው አንዲት ወረቀት አልነበረውም።

ጥናቱ የተጀመረው በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሆን በዚያው ዓመት ክረምት ተጠናቀቀ። የሠሩት የትምህርትና ሥነ ጥበብ ሚኒስቴር ሰዎች፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ምሁራንና ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች የመጡ የውጭ ባለሙያዎች ናቸው፤ የዓለም ባንክም ከኋላው ነበረበት። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስድቡ እንጂ ይዘቱ ስላልሆነ፣ ጥናቱ የደረሰበትን በመጠኑ እንመልከት።

ትምህርቱ ሁሉ ለሚቀጥለው ክፍል ማዘጋጃ ብቻ ሆኗል አለ ጥናቱ። ልጁ የሚማረው ለፈተና ነው፤ አንዱን ፈተና ሲያልፍ ለሌላው ፈተና ይማራል። ከመንገድ የሚቀረው ብዙ ነው፤ ሲቀር ግን እጁ ላይ የሚያበላው ሙያ የለም። የወደቀውን ልጅ መንግሥት አያስበውም፤ እሱም ከተማ ውስጥ ሥራ አጥ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ በአነስተኛ ወጪና በፍጥነት ለሁሉም የሚዳረስ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይሰጥ፤ ዕድሜው ላለፈው ወጣት የሁለት ዓመት ይዘጋጅለት፤ ትምህርቱ ከገጠሩ ኑሮ ጋር ይገናኝ፤ እያንዳንዱ ደረጃ በራሱ የተሟላ ሆኖ ለአብዛኛው ተማሪ እዚያው ያብቃ። ከዚያ በላይ ያለው በተመጠነ ቁጥር ይሂድ።

«ለአብዛኛው ተማሪ እዚያው ያብቃ» የሚለውን ልብ በሉ። ወሬው የተወለደው ከዚህ ነው።

በእኔ አስተያየት ጥናቱ ከስሙ የተሻለ ነበር። ትምህርት ቤት የሚባል ደጃፍ ረግጦ ለማያውቀው፣ ለአብዛኛው የኢትዮጵያ ልጅ፣ አራት ዓመት ማለት ከምንም መነሣት ነው። የዓለም ጤና ከተማ ልጅ አራተኛ ክፍልን ቀድሞም አልፎታል፤ ከከተማው ውጭ ያለው ልጅ ግን አንደኛ ክፍልንም አላየም። ጥናቱ የተጨነቀው ለሁለተኛው ነበር። ሁለተኛው ልጅ ግን ስለ ጥናቱ አልሰማም፤ የሰማው የመጀመሪያው ነው፤ የጮኸውም እሱ ነው። በዚህ ረገድ ታሪኩ ጥቂት ያሳዝናል።

ሆኖም የሕዝቡን ፍርሃት ካለማወቅ የመጣ ነው ብለን እንዳናቃልለው። «ትምህርቱ ከገጠሩ ኑሮ ጋር ይገናኝ» የሚለው ቃል ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሲነበብ ያምራል። ለጭሰኛው ሲነገር ግን ሌላ ነው። መሬቱ የባለርስቱ ነው፤ ከምርቱ እስከ ግማሽ የሚደርስ ለባለርስቱ ይከፍላል። በእነዚያ ዓመታት ደግሞ በአርሲና በስምጥ ሸለቆ ትራክተር የገባባቸው ሰፋፊ እርሻዎች ጭሰኛውን ከነቤተሰቡ እያስነሡት ነበር። እንዲህ ላለው አባት «ልጅህ አራት ዓመት ተምሮ ወደ እርሻው ይመለሳል» ማለት ወዴት ይመለሳል ማለት ነው? እርሻው የማን ነው? ጥናቱ ስለ ልጁ ሲያስብ ስለ መሬቱ ሊናገር አልቻለም። የመሬት ላራሹ አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ጥናቱ ወድቆ ነበር።

ለሙስሊሙ ቤተሰብ ይህ ነገር እጥፍ ነበር። በብዙ ቦታ መሬት የለውም፤ ሹመት የለውም፤ በሃይማኖቱ ምክንያት የተዘጋበት በር ብዙ ነው። ልጁን ለመንግሥት ትምህርት ቤት ሲሰጥም «ዲኑን ይጥልብኝ ይሆን» እያለ ነው። ይህን ሥጋት አሸንፎ ልጁን ያስገባ አባት፣ መሰላሉ አራተኛው ላይ ያልቃል ሲባል ቢቆጣ ምን ያስደንቃል?

መምህሩስ? የደመወዙ ጉዳይ ቀድሞውኑ ያልሻረ ቁስል ነበር። አሁን ደግሞ ትምህርትን ለሁሉም በአነስተኛ ወጪ ለማዳረስ ታቅዷል ተባለ። መምህሩ ሒሳብ ያውቃልና ወጪው የሚቀነሰው ከየት እንደሆነ ለመገመት አልተቸገረም። ደመወዝ ሊቀነስ ነው፣ በየክፍሉ የሚታጨቀው ልጅ ሊበዛ ነው የሚለው ወሬ በመምህራን ማረፊያ ክፍሎች ተሰራጨ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ። በበድር ዘመቻ ከተማረኩት ቁረይሾች መካከል ቤዛ የሌላቸውና መጻፍ የሚችሉት፣ ለእያንዳንዳቸው 10 የመዲና ልጆችን አስተምረው ነጻ እንዲወጡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መፍቀዳቸው በሲራ መጻሕፍት የታወቀ ነው። አንድ መምህር ለ10 ልጅ፤ ዋጋውም የአንድ ሰው ነጻነት! ሚኒስቴሩ በዚህ ሒሳብ ሊቀጥር አይችልም፣ ይገባናል። ግን መምህሩን ጠርቶ «ሒሳቡ ይኸውልህ» ማለት ይችል ነበር።

አላለም። ከሁሉ የከፋው ስሕተት በእኔ ግምት ይህ ነው። በ1964 ዓ.ም. ክረምት ያለቀው ጥናት ለሕዝብ የወጣው በ1966 ዓ.ም. የካቲት ነበር። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ በመሳቢያ ተቆልፎ ቆየ ማለት ነው። ወረቀቱ ሲቆለፍ ወሬው አልተቆለፈም። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ናዝሬት ይደርሳል (አዳማ ያን ጊዜ በዚህ ስም ትጠራ ነበር)፤ ከዚያም ወደየከተማው። በየደረሰበትም ይጨመርበታል። ጥናቱ በመጨረሻ ሲታተም ሰዉ ልቡን ዘግቶ ነበርና ማንም ገልጦ ሊያነበው አልፈለገም።

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን የነዳጅ ዋጋ የጨመረባቸው የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችም አቆሙ፤ ተማሪዎች መንገድ ላይ ወጡ። የካቲት 16 ንጉሠ ነገሥቱ የነዳጁ ዋጋ እንዲቀንስ፣ የትምህርቱ ለውጥም እንዲዘገይ መደረጉን አስታወቁ። ዘገየ የተባለው በዚያው ቀረ። በቀናት ውስጥ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። መንግሥቱን የጣለው ጥናቱ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ የወሎ ረሃብ ነበር፣ የወታደሩ ብሶት ነበር። ነገር ግን መምህሩን፣ ተማሪውንና ወላጁን በአንድ ጊዜ አደባባይ ያወጣው እሱ ነው።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ የተሳተፈበት የሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ በአዲስ አበባ ተደረገ። ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው ተሰልፈው ነበር። ጥያቄዎቹ 13 ነበሩ፤ ከነሱም መካከል በዓላቶቻችን እንዲከበሩ፣ መሬት እንድናገኝ፣ በአገራችን «የሚኖሩ ሙስሊሞች» ሳይሆን ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ተብለን እንድንጠራ የሚሉት ይገኙባቸዋል። ባለሙያ መጥቶ ያልጠየቀው ሕዝብ ራሱ መጥቶ ተናገረ።

ቁርኣን አንዱን ምዕራፍ «አሽ-ሹራ» ብሎ መሰየሙን ሁላችንም እናውቃለን። ስለ ሹራ ስናነሣ ብዙ ጊዜ የምንናገረው ስለ ድሉ ነው፤ በኸንደቅ የሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) ምክር ተሰምቶ ጉድጓድ ስለመቆፈሩ። እኔ ግን ኡሑድ ላይ ማቆም እወዳለሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ውስጥ ሆኖ መከላከልን መርጠው ሳለ፣ የባልደረቦቻቸውን በተለይም የወጣቶቹን አሳብ ሰምተው ወጡ። ውጤቱ ከባድ ሆነ፤ አጎታቸው ሐምዛ (ረ.ዐ.) ተሠዉ። «ጠይቄያችሁ ምን አተረፍኩ» ማለት የሚቻልበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የወረደው ቃል ይቅር እንዲሏቸውና አሁንም እንዲያማክሯቸው የሚያዝ ነው። እንግዲህ ምክክር የሚታዘዘው ውጤቱ ሁልጊዜ ስለሚያምር አይደለም። የ1964ቱ ምሁራን ሰው ብንጠይቅ ሥራው ይበላሻል ብለው ፈርተው ይሆናል። ሳይጠይቁም ተበላሸ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ደርግ በ1970ዎቹ ዓመታት አጠቃላይ ትምህርቱን የሚመረምር ሌላ ትልቅ ጥናት አስጠንቶ ነበር፤ የጥራቱን መውደቅ በግልጽ ቢያሳይም ብዙ ሳይሠራበት ቀረ። ሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ለሁለት ከፍሎ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያለውን መሠረታዊ ትምህርት አለው። በ1966 ዓ.ም. አገር የተነሣበት አራት ዓመት በሌላ ልብስ ተመልሶ ሲመጣ ያስተዋለው ጥቂት ነው። እርግጥ ያሁኑ መጨረሻ ሳይሆን መጀመሪያ ነበር፤ የዓለም ጤናና የመቂ ልጅም በእናቱ ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞ ይማረው ነበርና ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የትምህርት ፍኖተ ካርታ የተባለው ጥናት ረቂቅ ለውይይት ቀረበ። ይህኛው ቢያንስ በመሳቢያ አልቆየም። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ቀረ፤ ክፍሎቹም 6፣ 2 እና 4 ዓመት ተብለው እንደገና ተደለደሉ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ተቀመጡ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ30 ሺህ ያነሱ፣ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ካላለፉት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸው ተመርጠው የማካካሻ ትምህርት እንዲወስዱ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። የቀሩት 12 ዓመት ተምረው ወደየቤታቸው ተመለሱ።