ሌባ ሻይና የገመዱ ጫፍ
ሼርሎክ ሆልምስ እ.ኤ.አ. በ1887 በኮናን ዶይል ብዕር ሳይወለድ በፊት በአገራችን ሌባ አዳኝ ነበር። ይፋግ በ19ኛው መቶ ዘመን የጎንደርን ነጋዴ ከጎጃሙ የምታገናኝ ስመ ጥር ገበያ ነበረች። በዚያ ዘመን አሞሌው የተሰረቀበት ሰው ምን ያደርግ ነበር? አንዱ መንገድ አውጫጭኝ ነው፤ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ሌባው እስኪታወቅ አይበተንም። ሌላው ሌባ ሻይ ነው። አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ይሰክራል፤ ወገቡ በገመድ ታስሮ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ጌታ ዕዳ ከፋይ ይሆናል። ሆልምስ ዐመድና ዱካ ይመረምራል፤ እዚህ ማስረጃው የልጁ አወዳደቅ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያጠራጥረኝ ግን የገመዱን ጫፍ የያዘው ሰው ነው። ቂም የያዘበት ደጃፍ ሲደርስ ገመዱን ሳብ ቢያደርግ ማን ያየዋል? ልጁ እንደሆነ ስካር ላይ ነው።