በግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሥዕል

ስለ ሃይማኖት ፈተና ስንነጋገር ወዲያው የሚታሰበን እሳት፣ ሰይፍና ወኅኒ ቤት ነው። እኔ ግን ለወጣት አንባቢዎቼ የምነግራቸው ስለ ሌላ ዓይነት ፈተና ነው፤ ይኸውም ወንጌልን ሳይከለክል፣ ሳያሳድድም፣ ከአንድ ጥግ አስቀምጦ ስለሚያልፍ ሕዝብ ነው። ምስክሬም ሌስሊ ኒውቢጊን የተባሉት እንግሊዛዊ ጳጳስ ናቸው።

ኒውቢጊን በ1909 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተወልደው በ1936 ለስብከተ ወንጌል ወደ ደቡብ ሕንድ ሄዱ። በካንቺፑራም ከተማ ሳሉ ከሂንዱ መነኮሳት ጋር እየተቀመጡ፣ አንድ ጊዜ የነሱን መጻሕፍት፣ አንድ ጊዜ የዮሐንስን ወንጌል ያነቡ ነበር። በመነኮሳቱም አዳራሽ የታላላቅ የሃይማኖት ሰዎች ሥዕል ተሰቅሎ ነበር፤ ከነዚያ መካከል የክርስቶስ ሥዕል ይገኛል፤ በልደቱ ቀንም በፊቱ አምልኮ ይደረግለታል። ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ይህ ታላቅ ድል ይመስላል። ነገር ግን መነኮሳቱ ከቀድሞ አሳባቸው አንዲት ነገር ሳይለውጡ ቦታ ሰጡት እንጂ በእርሱ ምክንያት የተለወጠ ነገር አልነበረም። ኋላ ደግሞ ኒውቢጊን ከዚህ የባሰ ነገር አስተዋሉ፤ የገዛ አገራቸውም ሰዎች ክርስቶስን በዘመናዊው አሳባቸው ግድግዳ ላይ እንዲሁ ሰቅለውት ኖረዋል።

በ1947 ጳጳስ ሆነው ተሾሙ፤ በ1974 አገልግሎታቸውን ፈጽመው ከባለቤታቸው ጋር ጥቂት ጓዝ ይዘው በየብስ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በመንገድም ቀጰዶቅያ ሲደርሱ እሑድ ሆነ፤ አብሯቸው የሚጸልይ ሌላ ክርስቲያን ስላላገኙ ሁለቱ ብቻቸውን ጸለዩ። ቀጰዶቅያ እኮ የታላቁ ባስልዮስ አገር ናት! በስሙ የተጠራውን ቅዳሴ የእኛ ካህናት እስከ ዛሬ ያዜሙታል። በዚያ የቀሩት የግሪክ ኦርቶዶክሳውያን በ1923 በግሪክና በቱርክ ስምምነት አገሩን ለቀው ወጥተዋል። ቤተ ክርስቲያን በአንድ አገር ከተተከለች አትነቀልም የሚል ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

እንግሊዝ አገር ሲገቡ ከሁሉ ያስደነገጣቸው የተስፋ መጥፋት ነው። በማድራስ የድኾች መንደር ሰው ነገ ይሻላል ብሎ ያምን ነበር፤ በባለጸጋይቱ አገር ግን ወጣቱ የሚጠብቀው ነገር አጥቷል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሊዮታር በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ድኅረ ዘመናዊ የተባለው ሰው ሁሉን ጠቅልሎ በሚይዝ ታላቅ ታሪክ ማመኑን ትቷል ማለቱ ከዚህ ጋር ይስማማል። መድረሻውን የሚነግረው ታሪክ የሌለው ሰው ምን ተስፋ ያደርጋል? የሚቃወም ሰው ቢያንስ ይከራከራል፤ ለሚንቅ ሰው ግን ምን ይባላል?

ከአገራችን ወጥተው በለንደን ወይም በዋሽንግተን የሚያስቀድሱ ወጣቶችም ከዚሁ ፈተና ፊት ናቸው። ጎረቤት ስለ እምነታቸው ሲጠይቃቸው «የአገራችን ባህል ነው» ቢሉ ጠያቂው ደስ ብሎት ያልፋል፤ ሥዕሉን ግን በገዛ እጃቸው ሰቀሉት።

ኒውቢጊን በ1989 ባወጡት መጽሐፍ የሰጡት መልስ አጭር ነው፤ ወንጌል እንዲታመን የሚያደርገው እርሱን አምኖ የሚኖርበት ማኅበር ነው ይላሉ። ይህ መልስ አነሰ የሚሉ አይጠፉም። በእንግሊዝና በዌልስ የሕዝብ ቆጠራ ክርስቲያን ነኝ ያለው በ2001 ከመቶ 71.7 ነበር፤ በ2021 ግን 46.2 ሆነ። እኔ ግን ጳጳሱ የቁጥር ተስፋ ስላልሰጡ ቁጥሩ አያፈርሳቸውም እላለሁ።

በበርሚንግሃም ከተማ፣ በዊንሰን ግሪን ሰፈር፣ ከወኅኒ ቤቱ ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ምእመናኗ ጥቂት ስለሆኑ ትዘጋ የሚል አሳብ ቀረበ፤ ኒውቢጊን እንዲህ ያለውን ሰፈር ጥሎ መሄድ አይገባም ብለው ተከራከሩ። ክርክሩም በራሳቸው ላይ ዞረ፤ በ1980፣ ዕድሜያቸው 70 ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያኒቱን ራሳቸው ተረከቧት። በየቤቱ እየዞሩ ሲያንኳኩ ከእስያ የመጡት ቤተሰቦች በደስታ ያስገቧቸው ነበር፤ የአገራቸው ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ በሩን ይዘጉባቸዋል። እሳቸውም እስከ 1988 ድረስ ያንኑ ሰፈር አገለገሉ።