ከአራዳ እስከ አውቶቡስ ተራ፦ የባቡሩ ጣቢያና የሰፈራችን ታሪክ



የተከበራችሁ የጀመዓችን አባላት ሆይ! የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሰሜን ደቡብ መስመር ሲዘረጋ ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ተነስቶ አትክልት ተራን፣ ጎጃም በረንዳን፣ አውቶቡስ ተራን፣ ሰባተኛንና አብነትን አልፎ ወደ ልደታ እንዲወርድ ሆኖ ነው የተሠራው። እነዚህን ስሞች ሁላችንም ዘወትር እንጠራቸዋለን። ሆኖም ከአደባባዩ እስከ አውቶቡስ ተራ ያለው አጭር መንገድ ገበያችን ራሱ ተገፍቶ የመጣበት መንገድ መሆኑን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ይህችን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሳሁትም ስለዚሁ ነው።

ከጣሊያን ወረራ በፊት የከተማይቱ ዋና ገበያ የነበረው በእኛ ሰፈር ሳይሆን በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ እህሉን፣ ቡናውንና ቆዳውን እዚያ ያወርድ ነበር። በዙሪያው የህንድ፣ የዐረብ፣ የአርመንና የግሪክ ሱቆች ተሰልፈው ይገኙ ነበር። ከነዚህም መካከል የህንድ ሙስሊሞች ያቋቋሙት የመሐመድ አሊ የንግድ ቤት ስሙ በእጅጉ የታወቀ ነበር። በ1909 ዓ.ም የጅቡቲው ምድር ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ደግሞ የባሕር ማዶው ሸቀጥ በለገሃር እየገባ ወደ አራዳ ይወጣ ጀመር። ለገሃር የሚለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው።

ፋሺስት ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ከተማይቱን በያዘ ጊዜ ነጩና ጥቁሩ ተለያይቶ እንዲኖር ወሰነ። አራዳን ለራሱ ሰዎች አደረገና ፒያሳ አለው። የአገሬውን ገበያ ግን ከዚያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ ስሙንም «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ ማለትም የአገሬው ሰው ገበያ፣ ብሎ ጠራው። የመሐመድ አሊ ቤትም በዚያው ዘመን ከአገር እንዲወጣ ተደረገ።

እንግዲህ ሰፈራችን ገበያ የሆነው ሰውን ከሰው ለመለየት በተቆረጠ ውሳኔ ነው። ሕዝቡ ግን ቦታውን መገናኛ አደረገው። ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ከየመን የመጣውም ሳይቀር ጎን ለጎን ሱቅ ከፈተ። ታላቁ አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ጎረቤት ሆነው መታየታቸው ለዚህ ምስክር ነው። ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ምናለሽ ተራ የሚሉት ስሞችም ከሻጭና ከገዢ አፍ የወጡ እንጂ በዐዋጅ የተሰጡ አይደሉም። አውቶቡስ ተራም ስሙን ያገኘው ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄደው መንገደኛ ለብዙ ዓመታት ይሳፈርበት ከነበረው መናኸሪያ ነው።

የቀላል ባቡሩ ሥራ በ2004 ዓ.ም ተጀመረ። ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን ከዚህ ውስጥ 85 በመቶው ከቻይና የተገኘ ብድር ነበር። ከምኒልክ አደባባይ በታች ዋሻ ለመቆፈር ሲባል በፋሺስቶች የተገደሉት የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም ተነስቶ በ2008 ዓ.ም ወደ ቦታው ተመልሷል። መስመራችን መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር የጉዞው ዋጋ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። ጣሊያን የለያያቸው አራዳና መርካቶም በአንድ ሐዲድ ተያያዙ።

ነገር ግን ሐዲድ ብቻውን ሰፈርን አያቆይም። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ መለዋወጫ እያጡ ቆሙ። በ2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ነጋዴ ወደ ጃን ሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ፤ በጣቢያው ላይ የቀረው ስሙ ነው። በ2016 ዓ.ም የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም ደግሞ ሸማ ተራ ላይ የደረሰው የእሳት ቃጠሎ የብዙ ሰው ንብረት አወደመ።

ወንድሞቼና እህቶቼ! ቤት ሲፈርስና ሱቅ ሲቃጠል አብሮ የሚጠፋ ሌላ ነገር አለ። እሱም ማን ከማን ጋር በጉርብትና እንደኖረ፣ ማን ለማን በአማና ብር እንዳስቀመጠ የሚያውቀው ሰው ነው። ጎረቤቱ ከተበተነ በኋላ ስሙ ቢቀር ለማን ይነገራል? ስለዚህ ወጣቶቻችን አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ዛሬውኑ ጠይቀው በደብተር ይጻፉ። ሱቁ የማን ነበር? ከየት መጣ? ኋላስ ወዴት ሄደ? ርቆ የሄደውንም በዒድና በሐዘን ቀን ፈልገን እንጠይቀው፤ የጉርብትና ሐቅ በመንገድ ርዝመት አይቋረጥምና።

አላህ ሰፈራችንንና ሕዝባችንን ይጠብቅልን። አሚን።